ከነጥቡ በስተቀኝ

መጀመሪያ ያገኛት ፓምፑ ነው።

በጉድጓዱ ወለል የሚጠራቀመውን ውኃ ሌት ተቀን ሲስብ የከረመው ፓምፕ አንድ ጠዋት ድንገት አጓርቶ ጸጥ አለ። የፓምፑ ሠራተኛ ማሽኑን እየተራገመ በብረቱ ደረጃ ወረደ። ጭቃ የዘጋው መስሎት እጁን ወደ ቱቦው አፍ ሰደደ። በእጁ የያዘው ግን ሰማያዊ የአንገት ሻርፕ ነበር። ሲስበው ከበደው። ባትሪውን አበራ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሬሳው ወጥቶ በሸራ ተሸፍኗል። ዝናብ ያካፋል። ከጉድጓዱ አጠገብ የዋሻው አፍ ተከፍቷል፤ ከዋሻው በላይ ኮረብታው፣ ከኮረብታው ላይ ደግሞ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። መንገዱ የሚያልፈው በኮረብታው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ሰዎቹ እላይ እየኖሩ እታች ይቆፈራል።

«ማን ናት?»

«ሚሊሜትር» አለ ፎርማኑ። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው።

«ስሟን ነው የጠየቅኩህ።»

«ስሟማ ሌላ ነው፤ እኛ ግን እንደዚያ ነው የምንጠራት። ኮረብታው በየቀኑ ምን ያህል እንደሚንሸራተት የምትከታተለው እሷ ነበረች። ሻይ ውስጥ የምትጨምረውን ስኳር ሳትለካ አትቀርም እያልን...» ሊስቅ ቃጥቶት አፉን በመዳፉ ያዘ።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቆየና ኢንስፔክተሩን ወደ ጎን ጠራው። «ከላይ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታለች። መቼ እንደሆነ ግን እንዲህ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ላደረ ሰው አፌን ሞልቼ አልናገርም። ይልቅ ይቺን ይመልከቱ።» የግራ ክንዷን ገለጠለት። ቆዳው ላይ የሰው ጣቶች በልዘው ታትመዋል። «ሰው ይዟታል። ሊጥላት ይሁን ሊያድናት፣ ያንን ክንዷ አይነግረንም።»

*

ቢሮዋ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ባለው ተገጣጣሚ ቤት ውስጥ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከግድግዳው ጋር ደግሞ የአልጋ ያህል ቦታ የያዘ ፕሎተር፤ ትላልቅ ንድፎች የሚያትም ማሽን። ወንበሯ ላይ ሹራቧ ተንጠልጥሏል። ሳጅኗ፣ የኢንስፔክተሩ ረዳት፣ ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው። «አሁን የምትመለስ ነው የሚመስለው» አለች።

ጸሐፊዋ አይኗ አብጦ ነበር። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ፕሎተሩ ሲያትም ሁላችንም ሰምተናል። ገጹን ከተማ ያሉት የሥራ ፈቃድ ሰጪዎች ይጠብቁት ስለነበር ገብቼ ወሰድኩ። እሷ አልነበረችም፤ ሹራቧን ሳይ ወጣ ያለች መሰለኝ። ምነው በጠራኋት!»

ኢንስፔክተሩ ገጹን ተቀበላት። ከላይ መስመር ተስሏል፤ ከታች ሠንጠረዥ። ጥግ ላይ የሟቿ ስምና የታተመበት ሰዓት አለ። ሠንጠረዡ ከዜሮ በቀር ቁጥር የለበትም።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ኮረብታው ተኝቷል ማለት ነው» አለ ከበሩ በኩል የመጣ ድምፅ።

ሽበታም፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። የፕሮጀክቱ ዋና ኢንጂነር። በወጣትነቱ በሠራቸው ድልድዮች ምክንያት ትልቅም ትንሽም «ባለ ድልድዩ» ይለዋል። ዋሻውን የነደፈው እሱ ነው፤ ሚሊሜትርንም ኮሌጅ ያስተማራት እሱ።

«እንደ ልጄ ነበረች» አለ። «ጠዋት ሰላም ተባብለን ነው የተለያየነው። እኔ ለስብሰባ ከተማ ወረድኩ፤ ፈቃድ ሰጪዎቹ ፊት እስከ ማምሻው ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ይሄ ገጽ ሲደርሰን ሥራው ይቀጥል ተባለ።» ወደ ሹራቧ ዞረ። «የመጨረሻ ሥራዋ መሆኑን ማን ያውቃል።»

ይህን ሲል ወደ ገጹ አላየም። ኢንስፔክተሩ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

*

ከሰዓት በኋላ በሕይወት ከነበረች፣ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ ማስረዳት ያቃተው ሰው መፈለግ ነበረበት። ሁለት ሰዎች ተገኙ።

አንደኛው ፎርማኑ ነው። ጸሐፊዋም ዘበኛውም ሲዝትባት ሰምተውታል።

«ብያለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «‹አንድ ቀን ከነመለኪያሽ ጉድጓድ ውስጥ እከትሻለሁ› ብያታለሁ። አፌ ይቆረጥ! ኮረብታው ተንቀሳቀሰ ባለች ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ ሥራ ሲቆም የኔ ልጆች ይበተናሉ። ልጆች የምለው ሠራተኞቼን ነው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ጠዋት ሙሉ ከሁሉም ሠራተኞች ጋር ኮንክሪት ስንሞላ ነበር። ከሰዓት ደክሞኝ መጋዘን ውስጥ ተኛሁ።»

«ማን አየህ?»

«ተኝቼ ማን እንዳየኝ እንዴት ልወቅ?»

ሁለተኛው ባሏ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ቤቱ ሲሄዱ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ አገኙት። የታጠበ ሳህን ደጋግሞ ያጥባል።

«ትናንት መሥሪያ ቤቷ ሄደሃል?»

«አልሄድኩም።»

«ወንድሜ፣ የግቢው ዘበኛ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመህ አይቶሃል።»

ሳህኑን አስቀመጠ። «ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ማታ ተጣልተን ነበር። ሰሞኑን እዚያው ነው የምትውለው፣ እዚያው ነው የምታመሸው። እንቅልፍ የላትም። ‹አንቺ ያገባሽው ኮረብታውን ነው› አልኳት።» ፊቱን አዞረ። «ከበሩ ላይ ሆኜ ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነበር። አኩርፋ ነው ብዬ ተመለስኩ። ይሄን ለፖሊስ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ሳጅኗ «ባልየው ነው» አለች።

«ሁልጊዜ ባል ነው?»

«ከአሥሩ ዘጠኙ።»

«አሥረኛው ምን በደለሽ?»

ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሚስቱን ያጣ ሰው እንደዚያ ሳህን እንደሚያጥብ ያውቃል። ሚስቱን የገደለስ ምን እንደሚያጥብ ግን አያውቅም ነበር።

*

ከቀብሩ በኋላ የሥራ ቦታው አየር ተለወጠ። ሰዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ ከተቆለፈው ቢሮ ራቅ ብለው፣ ግድግዳውን ታከው ይሄዳሉ። ጸሐፊዋ ፈቃድ ወጣች። ፎርማኑ ያን ሁሉ ቁመና ይዞ ብቻውን መጸዳጃ ቤት መሄድ ተወ።

ኢንስፔክተሩን ጠርታ ምክንያቱን የነገረችው ጂኦሎጂስቷ ናት፤ የሚሊሜትር የቅርብ ጓደኛ፣ ሥራ ከጀመሩ ጀምሮ አብረው የበሉ የጠጡ። እሷም ቢሆን ፊት ለፊት መናገር አፈረች።

«እብድ ናት እንዳይሉኝ።»

«በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ጤነኛ የምለው ሰው እያነሰብኝ ነው የመጣው። ንገሪኝ።»

«ማሽኑ ያትማል። እናንተ ቆልፋችሁ በሄዳችሁበት ክፍል ውስጥ፣ በየቀኑ፣ እሷ ታትምበት በነበረው ሰዓት። ሰዉ ‹ሥራዋን ሳትጨርስ ሄዳ ነው፤ ነፍሷ አላረፈችም› ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም።» እጆቿን አቆላለፈች። «ግን ሲነሳ እሰማዋለሁ። ሰምቼ እወጣለሁ።»

«ዛሬስ?»

ሰዓቷን አየች። «ሊደርስ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን ጠርቶ ማሸጊያውን ቀደደና ቁልፉን አዞረ። ክፍሉ የተዘጋ ቤት ሽታ ይዟል። ሹራቡ እንደተንጠለጠለ ነው። ከፕሎተሩ ሥር ትላልቅ ወረቀቶች እየተጠቀለሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወለሉን ሞልተውታል። ማንም ሰው ያልገባበት ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ወረቀት ሲያይ ኢንስፔክተሩ ማጅራቱን ቅዝቃዜ ነካው።

ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ከዚያ ማሽኑ አንድ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ አወጣ፤ የኮምፒውተሩ መስታወት በራ፤ የቀለሙ ራስ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጥ ጀመር። ሳጅኗ «በስመ አብ» አለች። ጂኦሎጂስቷ ክንዷን ይዛት ነበር።

ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። መስመሩ፤ ከመስመሩ በታች ሠንጠረዡ። ጥግ ላይ የሟቿ ስምና የዛሬው ቀን።

«ሰው ሳይኖር እንዴት ያትማል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ጂኦሎጂስቷ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ጎንበስ አለች። ጥቂት ነካካች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ሹራቡን መደገፏንም አላወቀችም። «እራሷ አዝዛው ነው» አለች። «ሶፍትዌሩን በየቀኑ ከመሣሪያዎቹ ቁጥር እየወሰደ፣ መስመሩን እየሣለ፣ በዚህ ሰዓት እንዲያትም አዝዛዋለች። ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብላ ነው ያስተካከለችው። ለኔ እንኳ አልነገረችኝም።»

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ተያዩ። ሁለቱም የደረሱበት አንድ ቦታ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ያተመውም እንደዛሬው ከሆነ፣ ገጹ ሲወጣ እሷ በሕይወት ለመኖሯ ምስክር አልነበረም።

«ታዲያ ጠዋት ሊሆን ይችላል» አለች ሳጅኗ። «ጠዋት ፎርማኑ ኮንክሪት ላይ ነው። ባሏ መሪ ይዞ ነው፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይመሰክርለታል።» ትንሽ አሰበች። «ሲደውልላትም ሞታለች። ምስኪን! አኩርፋኝ ነው እያለ...»

«ውጪና ደውይለት» አላት። «ይሄን ሳያውቅ አይደር።»

*

ጂኦሎጂስቷ አዲሱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አጎንብሳበታለች።

«ይሄ የሷ ሠንጠረዥ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«ስሟ አለበት።»

«ሚሊሜትር ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ሳትጽፍ ቀርታ አታውቅም። ነጥቦቹን ሳይቀር አንዱን ከአንዱ ሥር ታሰልፋቸው ነበር፤ ‹ሰው ተሰልፎ ቁጥር ለምን ይበተናል?› ትላለች። እዚህ ነጥብ የሚባል የለም። መስመሩን ይዩት፤ ሽቅብ ይወጣል። ሠንጠረዡ ደግሞ ዜሮ ይላል። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ተጣልተዋል።»

«ቁጥሩን ሰው ለውጦታል?»

«ቁጥሩ አልተነካም። አለባበሱን ነው የለወጡት። ዓምዱን ‹ከነጥብ በኋላ ያለውን አታሳይ› ሲሉት ከግማሽ በታች ያለው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይታያል፤ ግማሽ የደረሰው ደግሞ...» ጣቷ ገጹ ላይ ወርዶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆመ። በዜሮዎቹ ሥር አንድ ቁጥር ብቻዋን ቆማለች። አንድ።

ጂኦሎጂስቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች፤ ዓምዱን መረጠች፤ አስርዮሹን መለሰችው። መስታወቱ ላይ ዜሮዎቹ ተከፈቱ። 0.31። 0.38። 0.44። የዛሬው 0.57። እያንዳንዱ ከቀደመው ይበልጣል።

«እየሮጠ ነው» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ኮረብታው እየሮጠ ነው! እላይ ሰው አለ!»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን ጠርቶ ያሉትን ፖሊሶች በሙሉ ይዛ ቤቶቹን እንድታስወጣ አዘዛት። ጂኦሎጂስቷ ስልክ ይዛ የዋሻውን ሠራተኞች ለማስወጣት ሮጠች። እሱ ግን ከገጹ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። ቀደም ሲል ያላስተዋለው ነገር ነበር። በሠንጠረዡ ላይ እያንዳንዷ ዜሮ መሐሏን በሰያፍ ሰረዝ ተቆርጣለች። ከርዕሱ ሥር ደግሞ ሁለት መስመር ተጎትቷል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። በመሳቢያዋ ያገኛቸው የሟቿ የድሮ ገጾች ላይ ዜሮዎቹ ባዶ ናቸው፤ መስመሩም አንድ ነው።

ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የዋናው ኢንጂነር ቢሮ ክፍት ነበር፤ ሰው የለበትም። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ፣ በእጅ የተሣለ የድልድይ ንድፍ አለ፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ከጥጉ ትንሽ ሠንጠረዥ ተሥሏል። ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውጥቶ ተጠጋ።

ዜሮዎቹ በሰያፍ ተቆርጠዋል። ከርዕሱ ሥር አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን መስመር።

*

ባለ ድልድዩ ቤቱ ከኮረብታው ላይ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ይህን ከዘበኛው ሲሰማ ሁለት ጊዜ አስደገመው። ሽቅብ ሲነዳ ሰዉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ቴሌቪዥን ያቀፈ። አንዲት ሴት «ዶሮዎቼን!» እያለች ከሳጅኗ እጅ ለማምለጥ ትታገላለች። ገና አልመሸም፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል።

በሩን አንኳኳ።

«ክፍት ነው» አለ ድምፅ ከውስጥ። «ግን አይከፈትም።»

እውነቱን ነበር። መቃኑ ተጣሞ በሩን ነክሶታል። ኢንስፔክተሩ በመስኮቱ በኩል ዞረ። ሽማግሌው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

«ይውጡ። ኮረብታው እየሄደ ነው።»

«አውቃለሁ። እየሰማሁት ነው። ሌሊት ሌሊት እንደ ጥርስ ይፋጫል።»

«ዜሮዎቹ ላይ ሰረዝ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው የሚስቅ መሰለ። «አላስተዋልኩትም። እጄ ነው የሠራው። እሷን እዚያ ጥዬ መጥቼ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማሽኑ ከሰዓት በራሱ እንደሚያትም ሳይ ነጥቦቹን ደበቅኩ። ሠንጠረዡ ሲያስጠላኝ ደግሞ አስተካከልኩት። መስመር ሠራሁለት። ይታይዎታል? እሷ ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ እኔ ሠንጠረዥ አሳምራለሁ።»

ግድግዳው ቀጭ አለ። አቧራ ፈሰሰ።

«ለምን?»

«መሣሪያው ነው የሚንቀጠቀጠው አልኳት። ይሄ ኮረብታ አይንቀሳቀስም፤ እኔ ነኝ የለካሁት፣ እኔ ነኝ የነደፍኩት፣ እራሴ የምተኛበት ነው አልኳት። ያን ዕለት ፈቃድ ሰጪዎቹ ፊት ስቀርብ ንፁህ ገጽ ፈለግኩ። እሺ አላለችም። የመሬቱን ስንጥቅ ላሳይዎ ብላ ጉድጓዱ አፍ ወሰደችኝ። ‹ኢንጂነር፣ እኔው እነግራቸዋለሁ› ብላ ዞረች። ክንዷን ያዝኳት። ስትነጥቀኝ መሬቱ ጭቃ ነበር፤ ሸርተት አለችና ከአጥሩ አለፈች።» ቀኝ እጁን አንስቶ አየው። «ያዝኳት። አልለቀቅኳትም። ይዣት ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ‹ከለቀቅኳት ሁሉም ዝም ይላል› የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሐሳብ ብቻ ነበር። ጣቶቼ ግን ሰሙት።»

ኢንስፔክተሩ የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጧል።

«ከኮሌጅ ጀምሮ ኢንጂነር እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም» አለ ሽማግሌው። «ያኔ ‹ጋሼ› አለችኝ።»

ከወለሉ ሥር ከባድ ነገር ተጎተተ። ከመደርደሪያው ብርጭቆ ወደቀ።

«ሰዉ ሁሉ ወርዷል?»

«ወርዷል። የቀረነው እኔና እርስዎ ነን።»

«እርስዎም ይሂዱ። እኔን ተዉኝ።»

«ያለ እርስዎ አልሄድም» አለና ኢንስፔክተሩ በመስኮቱ አንድ እግሩን አስገባ። ቤቱ ዘመመ። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ እግሩ ግን ገብቶ ነበር።

ሽማግሌው አየው። ከግድግዳው ወደ ሰውየው፣ ከሰውየው ወደ ግድግዳው ተመለከተ። «አንድ ነፍስ ይበቃኛል» ብሎ ተነሳ።

*

ሲነጋጋ ኮረብታው ወረደ። የባለ ድልድዩ ቤት ከነበረበት ጀምሮ ግማሹ ሰፈር ጣሪያውን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ የዋሻውን አፍና ጉድጓዱን ሞላው። ሰው አልነበረበትም። ዶሮዎች ብቻ ሞቱ።

ኢንስፔክተሩ ባልየውን አውቶቡስ መናኸሪያ አገኘው። ሹፌሩ እቤት መዋል አልቻልኩም ብሎ ሥራ ገብቷል። ከመኪናው ጎን ቆመው ሁሉንም ነገረው። ሊያስቀርለት ያሰበው ነገር ነበር፤ የሰውየውን ዓይን ሲያይ ግን መዋሸት አልሆነለትም።

«ይዟት ነበር?»

«ይዟት ነበር።»

«ከዚያ ለቀቃት።»

«ለቀቃት።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ የመንገድ አቅጣጫ እንደተነገረው ሰው። ከዚያ ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም። እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ ተኝተዋል። ወንበሮቹ ሞሉ፤ የቆመም አለ። ከኋላ አንዱ «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ፣ ሥራ አለን!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ምን ሆኗል?» አለ።

ኢንስፔክተሩ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ብረት ተደግፎ ቆመ። ሰዉ ጥቂት አጉረመረመና፣ ምን እንዳየ እንጃ፣ ዝም አለ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ጠበቀ።

ቆየት ብሎ ሹፌሩ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ቁልፉን አዞረ። ኢንስፔክተሩ ጉዳይ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብሮት ሄደ።